የራስህን ሞተር ራስህ አስነሳ

በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች ሁሉ ደንበኛውን የሚሰድበው አንዱ ብቻ ነው፤ ደንበኛ የማይጠፋበትም እሱ ብቻ ነው። የሣር ማጨጃ ሞተር መጠገኛ ነው። ክፍሉ አንዲት መኪና ከምታድርበት ጋራዥ አይበልጥም፤ ወለሉ ዘይት ከመጠጣቱ የተነሣ እንደ ጥቁር ቆዳ ያብለጨልጫል። ግድግዳው ላይ ስለቶች ተሰቅለዋል። ጥጉን ጎማቸው የወለቀ፣ ገመዳቸው የተንጠለጠለ፣ ሆዳቸው የተከፈተ ማሽኖች ሞልተውታል። ሲገቡ መጀመሪያ ቤንዚን ይሸታል፤ ጥቂት ሲቆዩ ግን ከቤንዚኑ ሥር ሌላ ሽታ ይወጣል፤ በማሽኖቹ ሆድ ላይ ተጋግሮ የደረቀ የአምናና የካቻምና ሣር። ይህን ያህል የጠቆረ ክፍል ይህን ያህል አረንጓዴ መሽተቱ ያስደንቃል።

ባለቤቱን ግን አያስደንቀውም። እሱን የሚያስደንቀው የሰው ቂልነት ማለቂያ ማጣቱ ብቻ ነው። ዕድሜው ሰባ አንድ ነው፤ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ከመነጽር ይልቅ የአውራ ጣቱን ጥፍር የሚያምን ሰው። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ጋሼ ሳብ» ይለዋል፤ ምክንያቱም በሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ሕግ አለ፤ «የራስህን ሞተር ራስህ አስነሳ» ይላል። ማሽን ያመጣ ሁሉ፣ ሐኪም ይሁን ዘበኛ፣ ከምንም በፊት እዚያው ቆሞ የማስነሻውን ገመድ ይስባል። ሰውየው እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ያያል።

«ሳብ!»

ደንበኛው ይስባል።

«ይሄ መሳብ ነው? የድመት ጅራት መሰለህ እንዴ? ሳብ!»

እንደገና ይስባል።

«ቆይ እስቲ። እግርህን እንደዚህ አስቀምጥ ያለህ ማነው? ፎቶ ልትነሳ ነው? በል ተወው፣ ገባኝ። ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ ካንተ ጋር መኖር ነው ያሳመመው።»

አንድ ጊዜ ሱፍ የለበሰ ሰው በባትሪ የሚሠራ አዲስ ማጨጃ ይዞ መጣ። ጋሼ ሳብ ማሽኑን ገልብጦ አየው፣ መልሶ አቃናውና በአገጩ ወደ ማዶ አመለከተ። «ጢም መላጫ እዚህ አንሠራም። ፀጉር ቤቱ ያውልህ፣ መንገዱን ተሻገር።»

ሰዎች ይሰደባሉ፣ ይስቃሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ሥራው አስተማማኝ ነዋ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕጉን እንደ ጥበብ ቆጠሩለት። «ሞተሩን ከፍቶ አያይም፤ ሰውየው ሲስብ አይቶ በሽታውን ያውቃል» ተባለ። እንዲያውም አንድ መሐንዲስ ነኝ ባይ ወሬውን ሰምቶ መጥቶ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲስብ ሲሰደብ ቆይቶ፣ «ይህ ዘዴ መጻፍ አለበት» ብሎ ሄደ። ጋሼ ሳብ ምስጋናውን ዐይኑን በጨው አጥቦ ተቀበለ።

እውነቱ ሌላ ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቀኝ ክንዱ ከደረቱ በላይ አይወጣም።

በአንድ ቀን የመጣ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ትከሻው ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስል ተንሿሿ። ቀጥሎ ሌሊት እየቀሰቀሰው ጎኑን አስለወጠው። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ገመድ ሲስብ ከውስጥ አንድ ነገር እንደ ተበጠሰ ሞላ ተፈናጠረ፤ ክንዱም ወደ ጎኑ ወርዶ ቀረ። በሩ ላይ ያለው ሕግ የተጻፈው በማግስቱ ነው፤ በግራ እጅ። ፊደሎቹ ለምን እንደተንጋደዱ የጠየቀ ሰው የለም።

ሰውነቱን የሚንቀው ደንበኞቹን ከሚንቀው በላይ ነው። ጠዋት ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቶቹን በየተራ በመዳፉ ይመታቸዋል። «ተነሱ እናንተ ፎርጅዶች! ኦሪጅናል ዕቃ ሰባ ዓመት ላይ እንዲህ አይንቋቋም።» ሸሚዙን የሚለብሰው መጀመሪያ የሞተውን ክንድ እንደ ሕፃን እጅ በእጅጌው አስገብቶ ነው። ማበጠሪያውን በቀኝ እጁ ይዞ ጭንቅላቱን ወደ ማበጠሪያው ያመጣል እንጂ ማበጠሪያውን ወደ ጭንቅላቱ አያደርስም። ሐኪም ዘንድ አልሄደም። ሐኪሙ የእሱ ደንበኛ ነው፤ ገመድ ሲስብ አይቶታል፤ እንደዚያ የሚስብ ሰው ትከሻውን እንዲነካው አይፈልግም።

ይህን ሁሉ የደበቀው በአፉ ምክንያት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ፣ በያጁ፣ ሱቁን ዘጋ። ዐይኑ ደክሞ ነበር፤ መጨረሻ ላይ መንገደኛውን ሁሉ እያስቆመ «እስቲ እይልኝ፣ ቀጥ ብሏል?» ማለት ጀምሮ ነበር። የስንብቱ ቀን ሁለት ወንበሮች በር ላይ አወጡ። የጋሼ ሳብ ልጅ፣ የከተማ አውቶቡስ የምታሽከረክረው፣ በዚያው ስታልፍ ጎራ ብላ ከአባቷ አጠገብ ቆማ ነበር። አባትየው የጎረቤቱን ወፍራም አዲስ መነጽር እያየ ከት ብሎ ሳቀ።

«ሰው እንዴት የሠራውን ብየዳ ሌላ ሰው ያየው ዘንድ ይለምናል? እኔን ስማ! ሞተር ማስነሳት አቅቶኝ ሰው ያስነሳሁ ቀን፣ ይህን የሱቄን ቁልፍ ከአንገቴ ላይ በጥሳችሁ ውሰዱት። እንዳንተ በር ላይ ተቀምጬ መንገደኛ አልለቅምም።»

በያጁ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። የመለሰችው ልጅቷ ናት።

«ሰምቼሃለሁ አባዬ።»

«ስሚ!»

«እኔ ደግሞ አልረሳም።»

«አትርሺ! ማን ርሺ አለሽ?»

አልረሳችም። አባቷ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ እናቷ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ልጅቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ትርፍ ክፍል አላት፤ አንድ ቀን ማሽን ወድቆበት፣ ወይ ቤንዚን ተቀጣጥሎበት ስልክ ይደወልልኛል ብላ ትሰጋለች። እሱም ያንን ክፍል አይቶታል። መስኮቱ ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር ይፋጠጣል። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲሚንቶ ሲያይ የሚውል ሰው ራሱን አስቦ ያውቃል፤ ባሰበውም ቁጥር የአንገቱን ቁልፍ ይዳስሳል።

ክንዱን እንደደበቀ ስድስት ወር አለፈ። ከዚያ አንድ ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ ልጅቷ በሁለት ጉዞ መካከል ምሳውን ይዛለት እንደገባች፣ አንዲት ረጅም ሴትዮ አረንጓዴ ማሽን በግራ እጃቸው እየጎተቱ በሩ ላይ ቆሙ። ፀጉራቸው ነጭ፣ ጀርባቸው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ከጋሼ ሳብ በአንድ ራስ ይበልጣሉ።

«ይህን ማሽን ያስታውሱታል?» አሉ።

ሰውየው እሳቸውን ሳይሆን ማሽኑን አየ። ጎንበስ ብሎ ከሆዱ ሥር ዳሰሰ፤ ጥፍሩ ሦስት የሞረድ ጭረት አገኘ። የራሱ ምልክት ነው፣ የሃያ ዓመት።

«አስታውሰዋለሁ። ይህን ሁሉ እድፍ አስታጥቄ ግን አልሰደድኩትም። ይሳቡ።»

«አልስብም።»

«በሩን አላነበቡም?»

«አንብቤያለሁ።» ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አንጓው ተሰብሮ ጠምሞ የገጠመ ነው። «ይህ ማንኪያ ያነሣል፤ ገመድ አይስብም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳስተምር ሰሌዳ ላይ ሠርቼ ያላሳየሁትን ጥያቄ ለተማሪ ሰጥቼ አላውቅም። እርስዎ ይሳቡልኝ።»

ልጅቷ የምሳውን ዕቃ ክዳን በእጅዋ እንደያዘች ቀረች። «ሳብላቸዋ አባዬ። እኔም ካየሁህ ቆይቻለሁ።»

ጋሼ ሳብ ወደ ማሽኑ ተራመደ፣ ገመዱን አየ፣ ከዚያ ድንገት ተቆጣ።

«ጭራሽ! እንዲህ የቆሸሸ ሞተር ይሳባል እንዴ? ፒስተኑን ሊበላው? መጀመሪያ ይከፈታል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ነው የሚሳበው። ሐሙስ ይምጡ!»

«ሌላውን ሰው ሁሉ ከነቆሻሻው ታስስበው የለ?» አለች ልጁ።

«ያኛው ሌላ ነው፣ ይሄኛው ሌላ ነው! አንቺ አውቶቡስሽን ንጂ!»

ክዳኑን ቀስ ብላ ገጠመችው። «ሐሙስ ዕረፍት ነኝ» አለች። «እመጣለሁ።»

ጥገናው ራሱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ካርቡሬተሩ ውስጥ ዝቃጭ ነበር፤ አጠበው። ካንዴላውን አወጣና ክፍተቱን በጥፍሩ ለካ፤ ለወጠው። የማራገቢያውን ሽፋን ሲፈታ ግን ከሥሩ የአይጥ ጎጆ አገኘ፤ ከደረቀ ሣርና ከተሸረከተ ወረቀት የተሠራ፣ እንደ ጽዋ ክብ። ወረቀቱ የፈተና ወረቀት ነው። በየቁራጩ ላይ የልጅ እጅ የጻፈው ቁጥር፣ በቁጥሩ ላይ የመምህሯ ቀይ መስመር። የስንት ልጅ ስሕተት ተሰብስቦ ለአንዲት እናት አይጥ አልጋ ሆኖ ኖሯል። ጋሼ ሳብ ጎጆውን በመዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ብርሃኑ አቀረበው።

«አሥራ ሁለት ከመቶ» አለ። «ይቺ አይጥም ወድቃለች።» ግን አልጣለውም፤ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

ረቡዕ ማለዳ፣ መንገዱ ሳይነቃ፣ በሩን ከውስጥ ዘግቶ ሞከረ። መጀመሪያ በግራ እጁ ሳበ፤ ግራ እጁ ፍጥነት የለውም፣ ማሽኑ እንደ ታሰረ ፍየል ተከትሎት መጣ። እግሩን ማሽኑ ላይ ጭኖ እንደገና ሳበ፤ ገመዱ መልሶ ነጠቀውና ጣቶቹን ከብረቱ ጋር አጋጨው። በቀኙ ሞከረ። ገና ሳይስብ ትከሻው ውስጥ እሳት ተለኮሰና ዐይኑ ጨለመ። ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ፣ እግሮቹን ዘረጋ።

«አለቀ» አለ ለማሽኖቹ። «ሳቁ።»

ከተዘረጉት እግሮቹ ጋር ፊት ለፊት ተያየ። ሰባ አንድ ዓመት ተሸክመውት ሲሰደቡ የኖሩ እግሮች። ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ ያለቅሳል፤ ወደ ፊት ሲገፋ ግን አሁንም ቢሆን የተጣበቀ ጎማ በተረከዙ ብቻ ያወልቃል። አጠገቡ ያለውን ከባድ የብረት ጠረጴዛ በአንድ እግሩ ገፋ አደረገው። ጠረጴዛው ሸተት አለ።

ቀስ ብሎ ተነሣ። ዝቅተኛዋን ወንበር ግድግዳው ሥር አደረገ። ማሽኑን ከወንበሯ አጠገብ አስቀምጦ ከጠረጴዛው እግር ጋር በሽቦ ጠፈረው። የአሮጌ ቀበቶውን ቆዳ ቆርጦ እርካብ ሠራና ከገመዱ ጫፍ ጋር በቡሎን አሠረው። ተቀመጠ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ ጫማውን እርካቡ ውስጥ ከተተ፣ ገፋ። ሞተሩ አንዴ ዞሮ ዝም አለ። ደግሞ ገፋ፤ አሳለው። በሦስተኛው ተነሣ።

አንድ ሞተር ሲነሣ ሌላ ሰው የሚሰማው ጩኸት ነው። እሱ የሚሰማው ሌላ ነው፤ በትንሽ ብረት ሆድ ውስጥ በደቂቃ ሦስት ሺህ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ እሳት፣ በእግሩ አጥንት በኩል ወደ ዳሌው፣ ከዳሌው ወደ ጥርሶቹ ሲወጣ። መደርደሪያው ላይ የአይጧ ጎጆ ተንቀጠቀጠ። ግድግዳው ላይ ያሉት ስለቶች አንድ ላይ ዘመሩ። ሽማግሌው በወንበሩ ላይ እግሩን እንደ ዘረጋ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ በዚያች ቅጽበት ለአንድ ጊዜ ተደነቀ ቢባል ውሸት አይሆንም።

ከዚያ አጠፋው። «ለሴትዮዋ ነው» አለ ጮክ ብሎ። ማንም አልጠየቀውም።

ሐሙስ ሁለቱም በሰዓቱ መጡ። ልጅቷ የሥራ ልብሷን ሳትለብስ ስትታይ እናቷን ትመስላለች፤ ይህም አባቷን አናደደው። መምህሯ እርካቡን ከሩቅ አዩት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ለእርስዎ አስቤ የሠራሁት» አለ ጋሼ ሳብ ደረቱን ነፍቶ። «ለአቅመ ደካማ የሚሆን። ተቀምጠው በእግር ነው የሚገፉት። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አያስፈልገኝም፤ ግን ሰው ሁሉ እንደኔ አይደለም።»

መምህሯ ቦርሳቸውን ለልጅቷ አስያዙና ተቀመጡ። እግራቸውን እርካቡ ውስጥ ሲያገቡ ጉልበታቸው ወደ ላይ ወጥቶ አገጫቸውን ሊነካ ደረሰ። ሊገፉ ሞከሩ፤ መንደርደሪያ ቦታ የለም። እግራቸውን አወጡ። ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው ከወንበሩ እስከ እርካቡ በስንዝራቸው ለኩ። ከዚያ የራሳቸውን እግር ለኩ። ከዚያ ቀና ብለው የጋሼ ሳብን እግር አዩ።

«ይህ ለእኔ አልተሠራም» አሉ። «ለእኔ ቢሆን አንድ ስንዝር ተኩል ይርቅ ነበር። የተለካው በአጭር ሰው ነው። ቆዳው ላይ ደግሞ የጫማ ዘይት አለ። እዚህ ክፍል ውስጥ ዘይት የጠጣ ጫማ ያደረገ ማነው?»

እንደ ክፍል ጥያቄ መልስ እስኪመጣ ጠበቁ። ልጅቷ ወደ አባቷ ጫማ አየች።

«እርስዎ ምን አገባዎት!» አለ አባትየው።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ኩረጃ ስይዝ ኖሬያለሁ። ከእርስዎ የተሻለ የሚደብቁ የአሥር ዓመት ልጆች አሉ።»

«አባዬ፣ ክንድህን አንሣ» አለች ልጅቷ።

«የትኛውን?»

«ታውቀዋለህ።»

አነሣ። ክንዱ እስከ ደረቱ ወጣ፤ እዚያ እንደ ዛገ ማጠፊያ ቆመ። ሦስቱም የቆመውን ክንድ አዩት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክረምት።»

«ያን ሁሉ ሰው አስቁመህ ስታስስብ... ያን ሁሉ ስድብ...»

«ስድቡ እውነት ነው! መሳብ አያውቁም!»

ማንም አልሳቀም። ጋሼ ሳብ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከተቀመጠም በኋላ ጫማው ወደ እርካቡ ራሱ ሄደ። አንዴ ገፋ። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፣ ክፍሉን ሞላ፣ ለመናገር ለማንም ቦታ አልተወም። ልጅቷ የአባቷን እግር አየች፣ የተሳለውን ስለት አየች፣ እንደ ድስት ክዳን የሚንቀጠቀጠውን ጠረጴዛ አየች። አጠፋው።

በግራ እጁ ቁልፉን ከአንገቱ ላይ አወጣ። ክሩ ጆሮው ላይ ተያዘበት፤ እየተሳደበ አላቀቀው። ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ውሰጂው። ብያለሁ፣ ብያለሁ።»

ልጅቷ ወሰደችው። ኪሷ ከተተችው፤ ሽማግሌው አትወስደውም የሚል ተስፋ ሳያውቀው ይዞ ኖሯል።

መምህሯ ማሽናቸውን እዚያው ትተው፣ ቦርሳቸውን ተቀብለው በሩ ላይ ቆሙ። «ቅዳሜ እመለሳለሁ። አንድ ስንዝር ተኩል ያርዝሙልኝ።»

«ሱቁ ተዘግቷል!»

«እሱን ከባለቁልፏ ጋር ይነጋገሩ» ብለው ወጡ።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። እሱ ያንን የሲሚንቶ መስኮት አሰበ። «መቼ ነው ዕቃዬን የምትጭኚው?»

«የምን ዕቃ? ቤቴ ባስገባህ ማቀዝቀዣዬን ትሰድበዋለህ። አሳንሰሩን ትሰድበዋለህ። በሳምንቱ ሕንፃው በሙሉ ያባርረናል።» እጅዋን ኪሷ ውስጥ ከታ ቁልፉን አንቀጫቀጨችው። «ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እከፍታለሁ። ከሰዓት ስመለስ እዘጋለሁ። በመካከሉ በእግርህ የፈለግከውን አስነሣ። ሰኞ ግን ሐኪሙ ዘንድ እንሄዳለን። እኔ ካልከፈትኩ አይከፈትም።»

«እስረኛ ነኝ በይኛ!»

«አይደለህም። ደንበኛ ነህ። እዚህ ሱቅ ደንበኛ እንዴት እንደሚስተናገድ ደግሞ ታውቃለህ።»

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ሳብ ሠላሳ አራት ዓመት ራሱ በከፈተው በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ከኋላው ሁለት ደንበኞች ማሽናቸውን ይዘው ቆመዋል። በያጁ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ መንገዱ መሃል ቀጥ አለ፤ ወፍራሙን መነጽሩን አስተካክሎ ተጠጋ።

«ምነው ውጭ ቆምክ? ቁልፉ የታለ?»

ጋሼ ሳብ በሩን እያየ መለሰ። «ወሰደችው። ትከሻዬ ከሞተ ስድስት ወሩ ነው። ገመድ አልስብም።»

በያጁ ዳቦውን ከአንድ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሊመጣ ሞከረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሞከረ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ» አለ በመጨረሻ፣ «በዚህ ቀን የምልህን ሳዘጋጅ ነበር። አልጋዬ ላይ ሆኜ ቃል በቃል ሳስተካክለው ነበር። እንዴት ያለ ስድብ መሰለህ! አሁን ጠፋኝ።»

«ከምን ይጀምር ነበር?»

«እንጃ። በእግዜር ይመስለኛል።»

«ዕርጅና ነው» አለ ጋሼ ሳብ በንቀት። «ፎርጅድ ጭንቅላት። ሲመጣልህ ንገረኝ፤ እስከዚያ ግባና ቁጭ በል፤ አንድ ስንዝር ተኩል የምታርዝምልኝ ብረት አለ። ቀጥ ማለቱን እኔ አይልሃለሁ።»

ልጅቷ በመንገዱ ማዶ እየሮጠች መጣች፣ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች፣ ታገለች። በሩ እንቢ አለ። አባቷ ክንዱን እስከቻለው ድረስ ደረቱ ላይ አጣምሮ አያት።

«ይሄ መክፈት ነው?» አለ። «እግርሽን እንዲህ አስቀምጪ ያለሽ ማነው?»